አንድ ደም፣ ሁለት ቃል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮና ደብረ ማርቆስን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚያቀናው ጎዳና ደምበጫ ሲደርስ፣ ለመንገደኛው ዓይን የሚታየው የበቆሎው ማሳ፣ የባሕር ዛፉ ጥሻ፣ በመንገዱ ዳር የተደረደረው ሱቅና በአህያ ተጭኖ ወደ ገበያ የሚሄደው እህል ነው። ይህ ጎዳና ግን በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሌላ ጭነት አለው። መሬቱ ለቤተሰቡ ያልበቃው፣ ወይም ለበሬ መግዣና ለጎጆ መውጫ ጥቂት ገንዘብ የሻው የገበሬ ልጅ፣ ጋቢውን አጣፍቶና ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከደምበጫም፣ ከቡሬም፣ ከጃቢ ጠህናንም እየተነሣ፣ ለሰሊጡ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ይወርዳል። ከወረዱት የሚበዙት ገንዘባቸውን ይዘው ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ከገንዘቡ ጋር ደዌውንም ይዘው ይመጣሉ።

ከነዚህ አንዱን ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር አየሁት። የታመመ ዘመድ ልጠይቅ በገባሁበት፣ በዚያው ጎዳና ላይ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ዕድሜው ሃያ ዓመት ገደማ የሆነ ጎልማሳ ከዘመዴ ቀጥሎ ባለው አልጋ ተኝቶ ነበር። ሰውነቱ ከስቶ አጥንቱ ይቈጠራል፤ የዓይኑ ቆብ ሲገለጥ ውስጡ ቅላቱን አጥቶ እንደ ጥጥ ነጥቷል፤ በግራ ጎኑ፣ ከጎድን አጥንቱ በታች፣ ያበጠው ጣፊያው ጠጥሮ በእጅ ይዳሰሳል። ትኩሳቱ ከጀመረው ሦስተኛ ወሩ ነው። ወባ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ወስዷል። ሄሞግሎቢኑ ተለክቶ 4 ነጥብ 8 ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ሐኪሙ ሳይዘገይ ደም እንዲሰጠው አዘዘ፤ የሌሊቱ ተረኛም የደሙን ዓይነት መርምሮ በወረቀቱ ላይ «ኤቢ ፖዘቲቭ» ብሎ ጻፈ።

በራስጌው ቁጭ ብለው ዝንቡን በነጠላቸው ጫፍ የሚከላከሉለት እናቱ፣ ደም ያስፈልገዋል የሚለውን ቃል በሰሙ ጊዜ ክንዳቸውን ገልጠው ተነሡ።

«ከኔ ቅዱለት» አሉ። «ዘጠኝ ወር የተሸከምሁት፣ ሁለት ዓመት ያጠባሁት ልጅ ነው፤ የኔ ደም ካልሆነለት የማን ሊሆንለት ነው?»

በአገራችን ልማድ ደም ማለት ዘመድ ማለት ነው። «ደሜ ነው» ያለ ሰው «ወገኔ ነው» ማለቱ ነው፤ ነፍስ የጠፋ እንደ ሆነም ሽማግሎች ተቀምጠው ሁለቱን ወገን የሚያስታርቁበት ሥርዓት ደም ማድረቅ ይባላል። በላብራቶሪ የሚታየው ደም ግን ለዚህ ልማድ ሁልጊዜ አይታዘዝም፤ አባትና ልጅ፣ እናትና ልጅ፣ ከአንድ ማኅፀን የወጡ ወንድማማቾችም ቢሆኑ፣ ዓይነቱ ተለይቶባቸው የአንዱ ደም ለሌላው መርዝ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ቋንቋውን እንኳ የማይሰማው ባዕድ ደግሞ አዳኙ ሊሆን ይችላል።

ይህን ምሥጢር የገለጠው የቪየናው ሐኪም ካርል ላንድስታይነር ነው። ከእርሱ በፊት ደም ከሰው ወደ ሰው ለማዛወር ሲሞከር፣ አንዱ በሽተኛ ይድናል፣ ሌላው በዚያው ዕለት ይሞታል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ሊቅ አልነበረም። ላንድስታይነር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1900 እና በ1901 ከራሱና ከባልደረቦቹ ደም ቀድቶ፣ የእያንዳንዱን ቀይ ሕዋስ ከሚንሳፈፍበት ውሃ ለየና የአንዱን ሕዋስ ከሌላው ውሃ ጋር በየተራ እያደባለቀ ተመለከተ። አንዳንዱ ድብልቅ እንደ ነበረ ወጥ ሆኖ ቀረ፤ አንዳንዱ ግን የፈላ ውሃ በአንድ ጊዜ እንደ ፈሰሰበት ዱቄት ጓጎለ። ከዚህ ተነሥቶ ኤ፣ ቢ እና በኋላ ኦ የተባለውን ሦስተኛ ክፍል ለየ፤ አራተኛውን፣ ኤቢን፣ ባልደረቦቹ በ1902 አገኙት። ላንድስታይነር በዚህ ሥራው በ1930 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ዓለም የደም ለጋሾችን ቀን የሚያከብርበት ሰኔ 7ም የልደቱ ቀን ነው።

የነገሩ ባሕርይ እንዲህ ነው። በቀዩ ሕዋስ ገጽ ላይ እንደ ማኅተም የታተመ ምልክት አለ፤ ሕዋሱ በሚንሳፈፍበት ቢጫ ውሃ ውስጥ ደግሞ የሌላውን ማኅተም የሚቃወም፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚባል ዘበኛ ይኖራል። የኤ ማኅተም ያለው ሰው ዘበኛው ቢን ይቃወማል፤ ቢ ያለው ኤን ይቃወማል፤ ሁለቱም ማኅተም ያሉት ኤቢ ማንንም አይቃወምም፤ ከሁለቱ አንዱም የሌለው ኦ ደግሞ ሁለቱንም ይቃወማል። ይህ ዘበኛ እንደ ሌሎቹ ጠላት አይቶ የሚነሣ ሳይሆን፣ ሕፃኑ ከተወለደ ጥቂት ወራት በኋላ ባዕድ ደም ሳይነካው በራሱ የሚገኝ ነው። ስለዚህ በአንድ ሰው ደም ውስጥ ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ ሁለት ምስክሮች አሉ ማለት ነው፤ አንዱ ሕዋሱ፣ ሁለተኛው ውሃው። የላብራቶሪ ሰዎች ሕዋሱን የሚጠይቁበትን ምርመራ ፎርዋርድ፣ ውሃውን የሚጠይቁበትን ሪቨርስ ይሉታል።

አንድ ምስክር ብቻውን ነገር እንደማያጸና ከኦሪት ጀምሮ የተጻፈ ሕግ ሆኖ ሳለ፣ በብዙ አነስተኛ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ግን ሁለተኛው ምስክር ሳይጠራ ፍርድ ይሰጣል። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። ውሃውን ለመጠየቅ ዓይነታቸው አስቀድሞ የታወቀ የኤ እና የቢ ሕዋሶች ያስፈልጋሉ፤ ተዘጋጅተው የሚሸጡት ከውጭ አገር በቅዝቃዜ የሚመጡ፣ ዕድሜያቸውም በሳምንታት የሚቈጠር ነው፤ መብራት በሚጠፋበት፣ አንዳንድ ጊዜም መንገድ በሚዘጋበት አገር እነዚህን ጠብቆ ማኖር ቀላል አይደለም። በዚህ ምክንያት ሕዋሱ ብቻ በሰሌዳ ላይ ይጠየቃል፤ እርሱ የተናገረውም በካርድ ላይ ተጽፎ ሰውየው ዕድሜውን በሙሉ ይዞት ይኖራል።

ጠዋት ሥራውን የተረከበችው የላብራቶሪ ባለሙያ ዕድሜዋ ከበሽተኛው ብዙ የማይበልጥ ወጣት ናት። በማቀዝቀዣው ውስጥ አንድ ከረጢት የኤ ደም ነበረ። የሌሊቱ ወረቀት ኤቢ ይላል፤ ኤቢ ደግሞ ከሁሉም ይቀበላል ተብሎ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ያ ከረጢት ከማቀዝቀዣው ወጥቶ አልጋው ዘንድ እስኪደርስ የቀረው ጥቂት እርምጃ ነበር። እሷ ግን ከሁሉ አስቀድማ፣ ምናልባት ለጋሽ ይሆናሉ ብላ፣ የእናቲቱን ደም መረመረች። በነጭ ሰሌዳ ላይ ሦስት ቦታ ጠብ አደረገችው፤ በአንዱ ላይ ሰማያዊውን አንቲ ኤ፣ በሁለተኛው ላይ ቢጫውን አንቲ ቢ፣ በሦስተኛው ላይ ፖዘቲቭን ከኔጋቲቭ የሚለየውን፣ ቀለም የሌለውን አንቲ ዲ ጨመረች፤ ለየብቻው በእንጨት ስንጥር አማስላ፣ ሰሌዳውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ፣ ወዲያና ወዲህ እያዘነበለች ተመለከተች። ሰማያዊውም ቢጫውም ወጥ ሆነው ቀሩ፤ ሦስተኛው ብቻ በቅጽበት ጓጎለ። እናትየዋ ኦ ፖዘቲቭ ናቸው።

ባለሙያዋ የሌሊቱን ወረቀት ደግማ አነበበችና፣ ለራሷ እንደምትነግር ያህል፣ «ኦ እናት ኤቢ ልጅ አትወልድም» አለች።

እናትየዋ በበሩ ላይ ቆመው ነበርና ሰሙ። ፊታቸው ተለወጠ። «ምን አልሽኝ ልጄ? አልወለድሽውም ነው የምትዪኝ?»

«ኧረ አይደለም እናቴ» አለች፣ ደንግጣ። «እርስዎማ ወልደውታል። የተሳሳተው ወረቀቱ ነው።»

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። ልጅ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ውርስ ይቀበላል፤ ኤቢ ለመሆን ከአንዱ ኤን ከሌላው ቢን ማግኘት አለበት፤ ኦ የሆነች እናት ደግሞ ከሁለቱ አንዱም ስለሌላት፣ እጅግ ብርቅ ከሆነ ያልተለመደ ውርስ በቀር፣ ከእሷ ኤቢ ሊወለድ አይችልም። በዚያ ቀን የቆሙት እናት በመሆናቸው ነገሩ ለመልካም ሆነ፤ የእናትን ወላጅነት የሚጠራጠር የለምና ጥርጣሬው በወረቀቱ ላይ ወደቀ። በእናቲቱ ስፍራ ኦ የሆነ አባት ቆሞ ቢሆን ኖሮ፣ ጥርጣሬው በወረቀቱ ላይ ይወድቅ ነበርን? ወይስ በቤቱ ባለችው ሚስት ላይ? አንድ ጊዜ ብቻ በሰሌዳ ላይ የታየ ደም የሴትን ስም ለማጉደፍ፣ ትዳርንም ለማፍረስ ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል፣ ይህን ወረቀት በእጁ የሚሰጥ ሁሉ ለሚቀበለው ሊነግረው ይገባል እላለሁ።

ባለሙያዋ ቀጥላ ያደረገችው ነገር ከኬሚካልም ከመሣሪያም የራቀ ነው። ናሙናው በእርግጥ የዚህ ልጅ ይሁን አይሁን ለማወቅ ወደ አልጋው ሄደች። በገጠር ጎጃም አንድ ሰው ከአንድ በላይ ስም አለው፤ ወላጆቹ ያወጡለት የቤት ስም አለ፤ ካህኑ በጥምቀት የሰጠው የክርስትና ስም አለ፤ በሥራ አገር ጓደኞቹ የሚጠሩት ደግሞ ሌላ ነው። አስታማሚው በአንዱ ያስመዘግባል፣ በሽተኛው በሌላው «አቤት» ይላል። በደም መስጠት ሥራ ከሚደርሱት ስሕተቶች እጅግ የከፉት አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጩት ከዚህ፣ ማለት የአንዱ ደም በሌላው ስም ከመጻፉ የተነሣ መሆኑን በዓለም ዙሪያ ያሉ የሙያው ሰዎች ይስማሙበታል። ስለዚህ «እገሌ ነህ?» ብላ አልጠየቀችውም፤ የደከመ ሰው ለሁሉም «አዎን» ይላልና። «ስምህን ከነአባትህ ንገረኝ» አለችው፤ ከካርዱ ቁጥር ጋር አመሳከረችው፤ አዲስ ደም ቀዳች፤ ከአልጋው ሳትርቅም በቲዩቡ ላይ ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈች።

ወደ ክፍሏ ተመልሳ ሕዋሱን ደግማ ብትጠይቀው፣ ሦስቱም ጠብታ ጓጎሉ፤ እንደ ሌሊቱ ሁሉ አሁንም ኤቢ ፖዘቲቭ። እንግዲህ የሌሊቱ ተረኛ ዓይኑ አልዋሸውም፤ ያየውን ጽፏል። ቀጥሎ ውሃውን የምትጠይቅበት የተዘጋጀ ሕዋስ ስላልነበራት፣ የሙያው ሰዎች በዘዴ የሚያደርጉትን አደረገች። የሆስፒታሉ በር ጠባቂ ኤ መሆናቸው፣ ከጽዳት ሠራተኞቹም አንዷ ቢ መሆኗ ተደጋግሞ የታወቀ ነው። ከሁለቱም ጥቂት ደም ወስዳ፣ በኖርማል ሳላይን አጥባና አቅጥና፣ በየቲዩቡ ከበሽተኛው የደም ውሃ ጋር አገናኝታ በሴንትሪፉጅ አዞረችው። የበር ጠባቂው ሕዋስ ጓጎለ፤ የጽዳት ሠራተኛዋም ሕዋስ ጓጎለ። ይህ የኦ ምልክት ነው።

ሕዋሱ «ኤቢ ነኝ» ይላል፤ ውሃው «ኦ ነኝ» ይላል። ሰውየው አንድ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚመጣውን ፈተና አውቀዋለሁ፤ ሐኪሙ ይጠብቃል፣ በሽተኛው ደክሟል፣ ወረቀቱም ቀድሞ ተጽፏል። አንዱን ምስክር አባርሮ በሌላው ቃል መፍረድ ሥራውን ያቀላል። ልጅቱ ግን አንድ ተጨማሪ ቲዩብ አቆመች፤ የበሽተኛውን የራሱን ሕዋስ ከራሱ ውሃ ጋር፣ ምንም ሌላ ነገር ሳትጨምር አገናኘች። ሰው የራሱን ማኅተም አይቃወምምና ይህ ወጥ ሆኖ መቅረት ነበረበት። ጓጎለ። እንግዲህ ሕዋሱ ኤቢ ያስባለው የአንቲ ኤ እና የአንቲ ቢ ሥራ ሳይሆን፣ ያለ ምንም መድኃኒት እርስ በርሱ የሚያጣብቀው ሌላ ነገር መኖሩ ተገለጠ።

ጠብታውን በማይክሮስኮፕ ሥር አድርጋ አየችና እኔንም ጠራችኝ። እውነተኛው ጉግል እንደ ወይን ዘለላ ወይም እንደ ንብ መንጋ ቅርጹ የማይታወቅ ክምር ነው። እዚያ ያየሁት ግን ሌላ ነበር። ክብ፣ ጠፍጣፋና መካከላቸው ጎድጎድ ያሉት ቀይ ሕዋሶች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው፣ በመሶብ ውስጥ የተነባበረ እንጀራ ወደ ጎን የተጋደመ ይመስል፣ በረጅም በረጅሙ ተሰልፈዋል። የሙያው ሰዎች ይህን ሩሎ ይሉታል። በመስታወቱ ጫፍ አንድ ጠብታ ሳላይን ብትጨምርበት፣ ድርድሩ በዓይኔ ፊት ተፈታና ሕዋሶቹ ለየብቻቸው ተንሳፈፉ። በማኅተምና በዘበኛ ጠብ የተጣበቀ ቢሆን ኖሮ በአንድ ጠብታ የጨው ውሃ አይፈታም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው መድኃኒት ማጠብ ነው። የበሽተኛውን ሕዋስ በቲዩብ ውስጥ በሳላይን ሞልታ አዞረች፤ ከላይ የቀረውን ውሃ አፈሰሰች፤ ዳግመኛ ሞልታ አዞረች፤ ሦስት ጊዜ። ከዚያም የታጠበውን ሕዋስ በአዲስ ሰሌዳ ላይ ጠየቀችው። ሰማያዊው ወጥ፣ ቢጫው ወጥ፣ አንቲ ዲ ብቻ ጉግል። ኦ ፖዘቲቭ፤ እንደ እናቱ። የውሃውንም ምርመራ፣ የደሙን ውሃ አውጥታ በሳላይን ተክታ ደግማ ብታየው፣ የበር ጠባቂው ኤ እና የጽዳት ሠራተኛዋ ቢ እንደ ጓጎሉ ጸኑ፤ ያ እውነተኛ ቃል ነበርና። ሁለቱ ምስክሮች ታረቁ። ያ የኤ ከረጢት ለልጁ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ገና የቡና ሲኒ ያህል ሲገባ በደሙ ውስጥ ያለው የኤ ጠላት ሕዋሱን እያፈረሰ፣ ኩላሊቱን እየዘጋ፣ ሕይወቱን ባስጨነቀ ነበር።

የልጅቱ ሥራ እዚህ ላይ ቢቆም እንኳ ምስጋና ይገባት ነበር። ደምን እንደ እንጀራ የሚያነባብረው ምን እንደ ሆነ ግን ታውቃለች። ቀይ ሕዋሶች በተፈጥሮ እርስ በርሳቸው የሚገፋፉበት ኃይል አላቸው፤ የደሙ ውሃ በፕሮቲን ብዛት እጅግ በወፈረ ጊዜ ያ ኃይል ይሸነፋል። መንሥኤው በሽበት ዘመን ሲሆን የመቅኒ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ በሃያ ዓመት ልጅ፣ ያውም ጣፊያው ባበጠበት፣ ሌላ ነገር ይጠረጠራል። ወደ አልጋው ተመለሰች።

«ወንድሜ፣ ባለፈው መስከረም የት ነበርህ?»

«መተማ።»

«የት ነበር የምትተኙት?»

«ከግራሩ ሥር» አለ፤ «ከመሬቱ ላይ።»

በመተማና በሑመራ ቆላ፣ በግራር ሥርና በተሰነጣጠቀው ጥቁር መረሬ መሬት ላይ፣ ከትንኝ ያነሰች የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች፤ በመንከሷም ካላዛር የተባለውን ሕማም የሚያመጣውን ተውሳክ ታስተላልፋለች። ሕማሙ ወራት ቆይቶ ይገለጣል፤ ትኩሳቱ አይበርድም፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ደም ያንሳል። ሰውነቱም ይህን ተውሳክ እዋጋለሁ ብሎ ፀረ እንግዳ አካልን ያለ ልክ ያመርታል፤ አብዛኛው ለውጊያው የማይጠቅም፣ ደሙን ብቻ የሚያወፍር ነው። በቀደመው ዘመን ሐኪሞች ይህን ውፍረት ራሱን ለምርመራ ይጠቀሙበት ነበር፤ በበሽተኛው የደም ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ፎርማሊን ሲጨምሩበት፣ ፈሳሹ እንደ ተቀቀለ እንቍላል ነጭ ረግቶ፣ ቲዩቡ ሲዘቀዘቅ አይፈስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም ወረዳ ብዙ ሰው የፈጀው ትኩሳት መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ ኋላ ግን ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ከቆላ የሚመለሱት የቀን ሠራተኞች ወደ ደጋው ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀረም ይታመናል። ይህም ልጅ ሁለት ጊዜ የወባ መድኃኒት ወስዷል። የተጣላው የደም ምርመራ ስለ ደሙ ዓይነት ብቻ አልነበረም የሚናገረው፤ ሦስት ወር ሙሉ ስሙ ያልተጠራውን ሕማም በመጀመሪያ የጠራው እርሱ ነው።

ምስክሮቹ የሚጣሉበት ምክንያት ይህ ብቻ እንዳይመስል፣ ሌሎቹንም ባጭሩ ልጥቀስ። ከአራት ወር በታች ያለ ሕፃን የራሱ ዘበኛ ገና ስላልተፈጠረለት ውሃው ዝም ይላል፤ እጅግ ያረጀ ሰውም እንዲሁ ድምፁ ይደክማል፤ ለሽማግሌው ድብልቁን በቅዝቃዜ ጥቂት አቆይቶ መጠበቅ ይረዳል፣ ለሕፃኑ ግን የሕዋሱን ቃል ብቻ ይዞ ዕድሜውን መጻፍ ነው። በብርድ የሚነቃ ፀረ እንግዳ አካል ያለው ሰው ደሙ በጠዋት ቅዝቃዜ ሁሉን ያጓጉላል፤ በ37 ዲግሪ ሲሞቅ ይረጋጋል። የአንጀት ደዌ የጸናበት የኤ ሰው፣ በአንጀቱ ባሉት ባክቴሪያዎች ምክንያት ማኅተሙ ተፍቆ ቢን የመሰለ ምልክት ለጊዜው ይይዛል። ትናንት በአንዱ ሆስፒታል የኦ ደም ተሰጥቶት ዛሬ ወደ ሌላው የተላከ ሰው፣ በደም ሥሩ የሁለት ሰው ሕዋስ ስለሚዞር፣ ከፊሉ ይጓጉላል ከፊሉ አይጓጉልም፤ ይህን ለማወቅ የመላኪያ ወረቀቱን ማንበብ ይበቃል። በ1952 እ.ኤ.አ. በቦምቤይ ከተማ የተገኘው ብርቅ ዓይነት ደግሞ ኦ መስሎ ይታያል እንጂ ኦን እንኳ አይቀበልም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው የአርኤች፣ ማለት ደምን ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ የሚያሰኘው የዲ ማኅተም፣ ነገር ነው። ልጅ እየወለደች የሚሞትባትን፣ ወይም ፅንሷ እየጠፋ የሚወጣባትን ሴት አገራችን «ሾተላይ አለባት» ሲላት ኖሯል። ደብተራውም በብራና ላይ የቅዱስ ሱስንዮስን ጸሎት ጽፎ በአንገቷ ያስርላት ነበር፤ በክታቡም የሕፃናት ጠላት የሆነችው ውርዝልያ ትገሠጻለች። ዛሬ የጤና ሰዎች ይህንኑ የቆየ ስም ለአንድ የታወቀ ምክንያት ሰጥተውታል። እናት አርኤች ኔጋቲቭ ሆና ፅንሱ ከአባቱ ወርሶ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በወሊድ ጊዜ ጥቂት የልጁ ደም ወደ እናቱ ያልፋል፤ የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ የእናት ሰውነት ግን ያን ባዕድ ማኅተም አውቆ ዘበኛ ያቆማል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፅንስ ላይ ያ ዘበኛ በእንግዴ ልጁ አልፎ የሕፃኑን ደም ያፈርሳል። ፖዘቲቭ ልጅ እንደ ወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ የአንቲ ዲ መርፌ ይህን ይከለክላል፤ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አለ። የሚሞተው ሕፃን ሁሉ በዚህ ምክንያት ይሞታል ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በዚህ የሚሞተው ሊድን የሚችል ነበር።

ችግሩ አርኤች ሁለተኛ ምስክር የሌለው መሆኑ ነው። ኔጋቲቭ የሆነ ሰው ባዕድ ደም ካልነካው በቀር በውሃው ውስጥ ፀረ ዲ አይገኝም፤ ስለዚህ ሕዋሱ የተናገረው ብቻ ይታመናል። ከኢትዮጵያውያን ከአሥር አንድ እንኳ የማይሞላው ኔጋቲቭ ቢሆንም፣ በመካከል ማኅተሙ የደከመ ሰው አለ፤ በአንዱ ከተማ ኔጋቲቭ፣ በሌላው ፖዘቲቭ ተብሎ ሁለት ካርድ ይዞ የሚመጣው እርሱ ነው። በመጀመሪያ ያልጓጎለውን ደም በሙቀት አቆይቶ፣ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኩምብስ ከባልደረቦቹ ጋር በ1945 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘዴ መጠየቅ ደካማውን ማኅተም ያሳያል። የሚረቅቀው ምርመራ በሌለበት የሚሠራበት ሕግ ጥንቃቄ ያለበት ነው፤ ይህ ሰው ለጋሽ ሲሆን እንደ ፖዘቲቭ፣ ደም ተቀባይ ወይም ነፍሰ ጡር ሲሆን ግን እንደ ኔጋቲቭ ይቈጠራል። ሁለት ካርድ የያዘች ሴት ካርዶቿን ደብቃ አንዱን ብቻ ማሳየት የለባትም፤ ሁለቱንም ታምጣቸው።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ የደም ባንክን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1969 በአዲስ አበባ ጀመረ፤ ከአርባ ዓመት በላይ ከተሸከመውም በኋላ ሥራው በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ። ዛሬ በባሕር ዳርም በደብረ ማርቆስም የደም ባንክ አለ፤ ከበጎ ፈቃደኛ የተቀዳው ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረሶችና ለቂጥኝ ተመርምሮ፣ ዓይነቱም ተለይቶ በከረጢት ይላካል። ከረጢቱ እንዲህ ተፈትኖ ሲመጣ፣ የሚቀበለው ሰው ግን በአንድ ሰሌዳ ላይ ሁለት ደቂቃ ብቻ የታየ ይሆናል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰው ፍንዳታ እንደ ሆነው፣ ቁስለኞች በአንድ ጊዜ ወደ ሆስፒታል ሲጎርፉ ለሁለተኛው ምስክር ጊዜ አይገኝም፤ በዚያ ሰዓት ዓይነቱ ላልታወቀ ሰው ኦ መስጠት ነው፣ ነገሩ እስኪጣራም ከኦ አለመውጣት። ጊዜ ባለበት ቀን ግን ሁለተኛውን ምርመራ ለመተው የሚበቃ ምክንያት የለም፤ ለውሃው መጠየቂያ የሚሆኑ አንድ የኤና አንድ የቢ ሠራተኛ የሌሉበት ሆስፒታል በአገሩ ያለ አይመስለኝም።

የልጁ እናት ክብደታቸው አንሶ ስለ ተገኘ ደም እንዳይሰጡ ተከለከሉ፤ አዝነው ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ የኦ ከረጢት ከደብረ ማርቆስ መጣ። ባለሙያዋ የለጋሹን ሕዋስ ከልጁ ውሃ ጋር አገናኝታ የመጨረሻውን ፍተሻ፣ ክሮስ ማች የሚሉትን፣ አደረገች፤ በዚህም ላይ እንጀራው ዳግመኛ ተነባብሮ ታየ፤ በሳላይን ሲተካ ተበተነ። ደሙ ተሰቀለ። ነርሷ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ከአልጋው ሳትለይ የልብ ትርታውንና ትኩሳቱን እየለካች ቆመች፤ ልጁ አልተንቀጠቀጠም፣ ወገቡንም አላመመውም።

«የማን ደም ነው?» ብለው ጠየቁ እናቱ።

«አናውቀውም እናቴ። ከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።»

«የክርስትና ስሙን ባውቀው» አሉ፣ «ለቄሱ እሰጠው ነበር።»

በማግሥቱ ልጁ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ካላዛር ወደሚታከምበት ክፍል ተላከ፤ በዚያ የሚጠብቀው የ17 ቀን መርፌ ነው። ከመሄዱ በፊት ባለሙያዋ መዝገቧን ገልጣ አየች፤ የሌሊቱ «ኤቢ ፖዘቲቭ» እንዳለ ነበረ፤ አልሰረዘችውም። ከበታቹ በቀይ ብዕር «ኦ ፖዘቲቭ» ብላ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምራ ፈረመች። በመላኪያው ወረቀት ላይም፣ በጎንደር ያለው ሰው ነገሩን ከመጀመሪያው እንዳይጀምር፣ በጥንቃቄ እንዲህ ጻፈች፦ «ሩሎ አለው፤ ሕዋሱ ሦስት ጊዜ ታጥቦ ይታይ።» ወረቀቱን አጥፋ ለእናቲቱ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አሰሩት።